ሳሌሃ አዲስ አበባ ናት

ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ

ይህ ደብተር የደንበኞቼ ልክ የሚጻፍበት ነው። ከፊት በኩል የሰው ደረትና ወገብ አለ፤ ከኋላ ገልብጬ የራሴን እጽፋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ልብስ ሰፊ ማስታወሻ ሲጽፍ ቢያዩት ሰፈሩ ሁሉ መሳለቂያ ያደርገው ነበር። ግን ሐኪሙ የነገረኝን ካልጻፍኩት ይጠፋብኛል። ጭንቅላቴ ሰሞኑን የተቀደደ ኪስ ሆኗል፤ የከተትኩበት አይገኝም።

እንግዲህ። ሳሌሃ በሰኔ ያስወረዳት ልጅ አልነበረም። ስድስት ዓመት ጠብቀን መጣልን ያልነው፣ የእንግዴ ልጁ ብቻውን ተበላሽቶ ያበጠ ነው አሉን። እሱ ከወጣ በኋላ ማህፀኗ ውስጥ የቀረው ሥር ነቀርሳ ሆነ። ዝም ከተባለ ወደ ሳንባ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለው ፈረንጅ ሐኪም በነርሷ አስተርጓሚነት፣ «ይህ ዓይነቱ ነቀርሳ ይድናል፤ ግን መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከወሰደች ነው» አለኝ። ይድናል ያለውን ወዲያው ሰማሁት። የቀረውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

መድኃኒቱ አምስት ቀን በተከታታይ ይሰጣል፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አይታወቅም። የሚታወቀው በሽንቷ ነው። ሽንቷ ሲመረመር እስካሁን «እርጉዝ ናት» ይላል። እርጉዝ አይደለችም ያለ ቀን ዳነች ማለት ነው። ይህን ለሰው ምን ብዬ ነው የማስረዳው?

የታዘዝኩት፦ አፏ ሊቆስል ስለሚችል በርበሬ አይድረስባት። ትኩሳት ከያዛት ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ። ደሟ ስለሚደክም፣ ከመድኃኒቱ በኋላ እስከ አሥር ቀን ሰው አይብዛባት፤ ጉንፋን ያለበት አይጠጋት።

ኢድን ሆስፒታል ዋልን። ዛሬ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ በሎንቺና አውቶቡስ ገባን። ከዓለም ገና እስከዚህ ድረስ እያስመለሳት መጣች። ስንደርስ «ሰማን» ብላ በስሜ ጠራችኝና፣ «ቤቴ ይሸታል፣ ደስ የሚል ሽታ» ብላ ሳቀች።

ኅዳር 16

ከሱብሂ ሶላት ጀምሮ ጠያቂ። ስፌት አልሠራሁም።

እዚህ አገር የታመመ ሳይጠይቁ ማደር ነውር ነው። ጠያቂን ከደጅ መመለስ ደግሞ ከነውርም ይብሳል፤ እዚህ ሰው ይጠይቅሃል፣ እዚያ አላህ ይጠይቅሃል። «ሐኪም ሰው አይብዛባት ብሏል» ለማለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ «ግቡ፣ ግቡ» የሚል ወጣ።

እትዬ አሚኔ ቀድመው መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ የሳሌሃ እናት ካረፉ ወዲህ እናቷ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ምንም አይሉም፣ እግሯን ይዘው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ ግን! አንዷ እየሳለች አልጋዋ ላይ ወጥታ ሳመቻት። አንዷ «የወንድሜን ሚስት እንዲሁ አድርጎ ነው የጀመራት፣ ረመዳንን አላየችም» አለች፤ እሷ እየሰማች። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሴቶች ጫማቸውን ሲያደርጉ፣ «ሰማን ገና ጎረምሳ ነው፣ ልጅም አልወለደችለት፣ ሌላ ያገባል» ተባባሉ። ይህን ሳሌሃ አልሰማች ይሆናል። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር።

ኅዳር 19

ትኩሳት። ከአስር ሶላት በኋላ ጀመራት። ትንቀጠቀጣለች። የጤና ጣቢያውን ዱባለን ለመጥራት ሮጥኩ። መርፌ ወጋት። በየስድስት ሰዓቱ አለ።

ኅዳር 22

ሦስት ቀን አልጻፍኩም። ዛሬ ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ብሏል፤ ትንሽ።

ዱባለ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው፤ አብረን ተምረናል፤ እኔ ሳቋርጥ እሱ ቀጠለ። ሦስቱን ሌሊት እኛ ቤት አደረ። ከምላሷ እስከ ጉሮሮዋ ቆስሏል። ቡላውን በወተት አቅጥኜ ሳጠጣት እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ትውጣለች። አንድ ጊዜ እጄን ይዛ «ሞት አይደለም፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ» አለችኝ። የቱ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ጥፋቱ የኔ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አንዲት ቃል መናገር ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሚስቱን ለይሉኝታ የሸጠ ባል። በሚቀጥለው ዙር በሬ ላይ አንበሳ እሆናለሁ። ወላሂ እሆናለሁ።

ታኅሣሥ 4

ሁለተኛው ዙር በኅዳር መጨረሻ ገደማ መሆን ነበረበት፤ ደሟ አልተመለሰም ብለው አራዘሙት። ዱባለ ከሆስፒታሉ የተላከ ደብዳቤ አመጣልኝ፤ ለታኅሣሥ 12 አሉ። ስንዘገይ ያ ነገር ውስጧ ምን እየሠራ ነው? ዛሬ ለአንድ የመስቃን ባላገር ኮት ስቆርጥ ሁለት ግራ እጅጌ ቆረጥኩ። ሰውየው «እኔ ቀኝም አለኝ» አለኝ።

ታኅሣሥ 19

ሁለተኛው ዙር አለቀ። ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ሽንቷ አሁንም እርጉዝ ይላል፤ ግን ቀንሷል አለ ሐኪሙ፣ ፈገግ አለ። ፈረንጅ ፈገግ ሲል ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ሦስተኛው ጥር 5 ነው። «አሁን ማቋረጥ ማለት ለነቀርሳው ዕረፍት መስጠት ነው» በይው አላት ነርሷን። ነገረችኝ።

ሎንቺናው ጢያ ላይ ጎማው ፈንድቶ አመሸን። ሰው ሁሉ ራት ላይ ሳለ ገባን። ማንም አላየንም። በሱቁ በኩል አስገባኋት፤ ግቢያችን ከሱቁ ጀርባ ነው፣ ሌላ መግቢያ የለውም። ወዲያው ተኛች። ፀጉሯ ትራሱ ላይ ቀርቷል፤ ሳታየው ለቀምኩት።

ታኅሣሥ 20

ጠዋት ሱቅ ስከፍት ሀቢቡ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሀቢቡ ከጎኔ ጨውና ጋዝ ይሸጣል፤ እሱ ጋ የገባ ወሬ ከሰዓት በኋላ መስቃን ገጠር ይደርሳል።

«ሳሌሃስ?» አለኝ።

«አዲስ አበባ ናት። አስተኝተዋታል» አልኩት።

አስቤው አልነበረም። ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን መልካም ሐሳብ መሰለኝ። ማንንም ከደጅ መመለስ የለ፣ ማንንም ማስቀየም የለ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ ፀጥ አለ። ሳሌሃ ስድስት ሰዓት ሳትነቃ ተኛች። ሐኪሙስ ሰው አይግባ ብሎ የለ?

ታኅሣሥ 22

ቀላል ነው ብዬ ነበር። በሩ ላይ ሰው አልቀነሰም፤ አሁን የሚጠይቁት እኔን ነው፣ ሲንጀር መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ። የያዙትንም ትተውልኝ ይሄዳሉ፤ «ስትመለስ ስጣት» እያሉ። እትዬ አሚኔ የተነጠረ ቅቤ። የሰይዶ ሚስት እንቁላል። ሐጂ ሸረፋ ከቸሃ የመጣ ማር፤ አንካሳ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ቆመው ዱአ አድርገው ሄዱ። እኔም አሚን አልኩ፤ ውሸቴ ላይ አሚን አልኩ። ሀሊሜ የበሰለ ቡላ። የመጣውን ሁሉ ስሙን እጽፋለሁ። ለምን እንደምጽፍ እንጃ፣ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ ሊጠፋ አይገባም።

ቅቤውንና እንቁላሉን ለሳሌሃ አበላለሁ። ገዛሁ እላታለሁ።

ታኅሣሥ 24

የበርበሬ ወራት ነው። ወፍጮ ቤቱ ከማለዳ እስከ ምሽት ይፈጫል፤ ብናኙ ግቢያችን ይገባል። ዛሬ ሀቢቡ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ወሬ ሲያወራ ከጓዳ ማስነጠስ ተሰማ። ሦስት ጊዜ።

«ቤትህ ሰው አለ እንዴ?»

«ድመት ናት» አልኩት።

ሀቢቡ አየኝ፣ አየኝና «ድመትህ አስነጥሳ ስታበቃ አልሐምዱሊላህ ትላለች?» አለኝ።

መኪናውን ባዶውን ረገጥኩ። እሱም ተነሥቶ ሄደ። አሁን ከተማው በሙሉ ሰምቷል ብዬ እስኪመሽ ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ለካ ሀቢቡም ምስጢር መያዝ ይችላል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

ታኅሣሥ 26

ዛሬ አሥረኛው ቀን ነው። አፏ ድኗል ማለት ይቻላል። ተነሥታ ግቢው ውስጥ እንሰቱ ሥር ተቀመጠች።

ቡላው ላይ ቅቤ ጨምሬ ሰጠኋት። ቀመሰችና ማንኪያውን አስቀመጠች። «ይህ የእትዬ አሚኔ እጅ ነው» አለች። እዚህ አገር ሴት የሌላዋን ሴት ቅቤ አነጣጠር በቅምሻ ታውቃለች፤ ኮሰረቱን የምታበዛ፣ ኮረሪማውን የምታሳንስ፣ እያንዳንዷ ፊርማ አላት። ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

«ከገበያ ነው የገዛሁት» አልኳት።

«እሳቸው ቅቤ አይሸጡም።»

«እንግዲህ ከሳቸው የተማረች ትሆናለች።»

አፏ ጣዕም መለየት መጀመሩ ጥሩ ምልክት ነው።

ታኅሣሥ 29

«ዛሬም ማንም አልመጣም?» አለችኝ። ከሳምንት ወዲህ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

«ሰው በርበሬ ላይ ነው፣ የት ፋታ አለው» እላለሁ። ትናንት «አልሰሙ ይሆናል» ነበር ያልኩት። ሁለቱ እንደማይገጥሙ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

አሁንማ ሰው ቢገባ ምንም አይደለም። ግን ምን ተብሎ ነው የሚከፈተው? «ከአዲስ አበባ ዛሬ ገባች» እንዳልል ስንት ሰው ሎንቺና ሲራገፍ ያያል። ሦስተኛው ዙር ይለፍ። ከዚያ አብረን ስንመለስ፣ በቀን እናስገባታለን፣ ሁሉም ያያታል። እስከዚያ ትንሽ ነው የቀረው።

ደግሞስ ያቺ ሴት መጥታ ስለ ወንድሟ ሚስት እንድታወራላት ነው? እኔ ልጠብቃት ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም የለም።

ጥር 1

ዘይባ መጣች።

የሳሌሃ ታላቅ እህት ናት፣ ወልቂጤ ነው ያገባችው። ከወልቂጤ አዲስ አበባ በር ድረስ፣ ከዚያ በዓለም ገና ዞራ፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ አድራ መጣች። አቧራው ሽፋሽፍቷ ላይ አለ። ጀርባዋ ላይ የተጠቀለለ ቆጮ አዝላለች። በረንዳው ላይ እንደቆመች «እህቴ የት ናት?» አለችኝና ሳለች። ክፉ ሳል ነው።

ሀቢቡ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ደንበኞችም። ሳሉን ሰማሁ፣ ሰዎቹን አየሁ።

«አዲስ አበባ ናት» አልኳት።

«በአዲስ አበባ በኩል አይደል የመጣሁት! የቱ ሆስፒታል?»

«ስሙን... ፈረንጅ ሐኪም ያለበት ነው።»

«የቱ ነው ፈረንጅ የሌለበት?» አለች። አልተቀመጠችም። ውሃ እንኳ አልጠጣችም። ቆጮውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «ሚስትህን አስተኝተህ የተኛችበትን ስም አታውቅም፣ ሰማን?» ብላ ወደ መኪናው ተመለሰች። ሎንቺናው ሊሄድ ጥሩንባ እየነፋ ነበር። ሀቢቡ ወደኔ ሳይሆን ወደ መሬት አየ።

ሮጬ ልመልሳት ተነሣሁ። ተነሥቼም ነበር። መቀሱን እንደያዝኩ በረንዳው ጫፍ ድረስ ሄድኩ።

ጥር 2

ሳሏን ሰምተሃል። አንድ ሳል ነው ኅዳር ላይ ሊገድላት የነበረው። ትክክል ነው ያደረግከው።

አይደለም።

ጥር 3

ነገ ነው ጉዞው። ልብሷን ስታዘጋጅ ቀሚሷን አምጥታ «አጥብብልኝ» አለችኝ። ለክቼ ወገቧን ጻፍኩ፤ ስንጋባ ከጻፍኩት ጋር አላስተያየሁትም።

ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ዘይባ አልሰማችም ማለት ነው?» አለችኝ።

«ደብዳቤው አልደረሳት ይሆናል።»

«እትዬ አሚኔስ? ግድግዳ ነው የለየን። ለሳቸውም ደብዳቤ ያስፈልጋል?»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። «እኔ እናቴን ስቀብር» አለች፣ «ከጉንችሬ ድረስ ሰው መጥቷል። ሰው የሚረሳው ከሞተ በኋላ ነበር። እኔን በቁሜ ረሱኝ። ወይም ሞታለች ብለው ጨርሰዋል።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር።

ጥር 4

አልሄድም አለች። ሎንቺናው ሄደ።

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ደገምኩላት፣ ሳንባውን ሁሉ። ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «አፌ እንደዚያ ሲቆስል፣ አንጀቴ ሲወጣ፣ ለማን ብዬ ነው? ለአንተ ነው? አንተ ሌላ ታገባለህ፣ ሰምቻለሁ» አለች።

መስኮቱ ክፍት ነበር ብያለሁ።

ጥር 6

ትናንት ነበር ቀኑ። አለፈ። ውስጧ ያለው ነገር ቀን እየቆጠረ ነው፣ እኔ ደግሞ ሱሪ እየሰፋሁ።

ዱባለ መጣ። ለእሱ ብቻ ነው እውነቱን የነገርኩት፤ ማለቴ ቤት እንዳለች ያውቃል፤ ሰውን ግን በሙሉ እንደከለከልኩ ዛሬ ነው የገባው። ስትወጣ ሆስፒታሉ የጻፈልንን ደብዳቤ አምጣ አለኝ። አነበበና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ፣ «ማንበብ ትችላለህ አይደል? እዚህ ምን ይላል?» አለኝ።

«አሥር ቀን።»

«ዛሬ ስንት ሆነ?»

ደብዳቤውን ከእጁ ወስጄ አጠፍኩት።

«እሺ፣ ሳል ያለበት አይግባ። እትዬ አሚኔ ይስላሉ? ሐጂ ሸረፋ አንካሳ ናቸው እንጂ ይስላሉ?» ሊቀልድ ነበር፣ ግን ፊቱ አልሳቀም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል በሽተኛው የደበቀውን መስሎኝ ነበር» አለኝና ካፖርቱን ለበሰ። «ዛሬውኑ ንገራት።»

«ዛሬ ማታ» አልኩት።

ጥር 7

ትናንት ማታ ደክሟት ነበር።

ጥር 8

አረፋ አሥር ቀን ቀረው። መርካቶ የሚነግደው ያገራችን ሰው ከሳምንት በኋላ መግባት ይጀምራል። በበዓሉ ዋዜማ የሚውለው የሴቶች አረፋ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ በየቤቱ ይዞራል። ማንን ነው የምመልሰው? ዛሬ ልነግራት ገብቼ፣ ተኝታ ሳያት፣ የእግሯ ጣቶች ከብርድ ልብሱ ወጥተው፣ ብርድ ልብሱን ስቤ አልብሻት ወጣሁ። ሀቢቡ ሱቁን ሲዘጋ «ድመትህን ሰው አሳያት» አለኝ። መሳደብ አማረኝ። ምን ብዬ?

ጥር 9

ሁሉንም ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ዘይባ ከሎንቺናው ወረደች። በረንዳዬ ላይ ወጣች፤ ሳሏ ለቋታል፤ ሰላም አላለችኝም። ጠረጴዛዬን አልፋ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ ጓዳውን አልፋ ግቢው ገባች። ተከተልኳት። ሳሌሃ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ዘይባ አየቻትና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንዲህ ያለ ለቅሶ ለሞተ ሰው እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

«ሰባት ቀን» አለች፣ ድምፅዋ ሲመለስ። «ሰባት ቀን ከሆስፒታል ሆስፒታል። ሬሳ ቤት ሳይቀር ጠይቄያለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ነርስ መዝገብ ገልጣ፣ ታኅሣሥ 18 ወጥታለች አለችኝ። ከዚያ እስከዚህ፣ ቀብሮሽ ነው የደበቀኝ እያልኩ ነው የመጣሁት።»

ሳሌሃ መጀመሪያ አልገባትም። «መቼ መጣሽ?» አለቻት።

«በጥር መባቻ። በረንዳው ላይ ቆሜ ጠይቄዋለሁ። አዲስ አበባ ናት አለኝ።»

ሳሌሃ ወደኔ ዞረች። ቁጣ ጠብቄ ነበር። በዝግታ ነው የጠየቀችኝ፦ «ሌላስ ማን መጣ?»

ሄጄ ይህን ደብተር አመጣሁ። ቆሜ አነበብኩላት። እትዬ አሚኔ፣ ስምንት ጊዜ፤ ቅቤ፣ ጎመን፣ እንደገና ቅቤ። ሐጂ ሸረፋ፣ ማር፣ ዱአ። የሰይዶ ሚስት። ሀሊሜ። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች። ሙሀመድአወል ከነልጆቹ። ወይንሸት፣ ጠበል ይዛ፣ «ለእስላም ይሆናል ወይ?» ብላ የጠየቀችኝ። ሽፋ። ስማቸውን የማላውቃቸው፣ «የመስቃን ሴት፣ አረንጓዴ ሻሽ» ብዬ የጻፍኳቸው። ሳቆም «ቀጥል» ትለኛለች። ፀሐይ ግቢውን እስክትለቅ አነበብኩ። በየስሙ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ይመለስ ነበር፤ እኔ ላይ ደግሞ የዚያኑ ያህል ይዘጋ ነበር። ሁለቱም ይታየኝ ነበር።

ስጨርስ «ሐኪሙ ሰው አይግባ ብሎ ነው» አልኳት።

«ሐኪሙ ሲናገር እኔም አልጋው ላይ ነበርኩ» አለች። «አሥር ቀን ነው ያለው። ቅቤውንም አውቄዋለሁ። አፌ ነው የቆሰለው እንጂ አልሞተም። ግን ሰማን አይዋሸኝም ብዬ ምላሴን ውሸታም አደረግሁት።»

ዘይባ ልትናገር ስትል በእጇ ከለከለቻት።

«ፈርተህ ነው» አለችኝ። «ትሞታለች ብለህ ፈራህ። ሰው ሲጠይቅህ ፊትህ ላይ እንዳያዩብህ ቆለፍክብኝ። እኔም እኮ ፈርቻለሁ። እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ።»

ልጠብቅሽ ብዬ ነው ማለት ፈለግሁ። ውሸት አልነበረም፤ ግን ሲነገር ውሸት ይመስል ነበር።

ጥር 10

እትዬ አሚኔ በማለዳ ገቡ። ዘይባ ነግራቸዋለች። በአጠገቤ ሲያልፉ «አንተ ልጅ» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉኝም። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ገብተው እግሯን ይዘው ተቀመጡ። እስከ ቀትር አልተነሡም። ሳሌሃ ስትስቅ ሰማሁ፤ ከኅዳር ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በምን እንደሳቀች አላውቅም።

ከቀትር በኋላ ጠራችኝ። «ነገ እሄዳለሁ። ሦስተኛውን እወስዳለሁ» አለች።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሻንጣዬን ልይዝ ስነሣ፣ «ከዘይባ ጋር ነው የምሄደው» አለችኝ። «አንተ እዚህ ሁን። አሥሩ ቀን እስኪያልፍም እዚያው መርካቶ፣ የአክስታችን ቤት እቆያለሁ።»

«ሐኪሙ የሚያውቀው እኔን ነው» አልኳት። «ነርሷ እኔን ነው የምታውቀው። መድኃኒቱ ሲጀምር ራስሽን መያዝ ያለበት፣ ባልዲውን...»

«አውቃለሁ። ዘይባ ትይዛለች።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እጅህ ጥሩ ነበር፣ ሰማን። እሱን አልክድም» አለች።

ጥር 11

ሄዱ።

የሎንቺናው ማቆሚያ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሀቢቡ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሐጂ ሸረፋ። ሴቶቹ ሁሉ። ዱባለ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ መሃል ቆሞ፣ ጉንፋን ያለበት ወደ ኋላ እያለ ያስተናብራል፤ ማንም አልተቀየመም። የሳሉት ራሳቸው ማዶ ቆመው እጃቸውን አነሡላት። ያስፈለገችው አንዲት ቃል ነበረች፤ ኅዳር ላይ አንዲት ቃል። ሳሌሃ በመስኮቱ ሁሉንም በስማቸው ጠራች። እኔንም ጠራችኝ፣ ከሌሎቹ መሃል። «በር አትዝጋ» አለችኝ።

ጥር 13

ሱቅ። ሁለት ኮት፣ አንድ ጀለቢያ። ሰው ሲጠይቀኝ፣ «ትናንት መድኃኒቱን ጀምራለች መሰለኝ» እላለሁ። መሰለኝ ነው የምለው፤ የማውቀው ነገር የለም። ዛሬ ሁለተኛው ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ነው ማስመለሱ የሚጀምራት፤ ሎሚ ማሽተት ትወዳለች፤ ለዘይባ ሳልነግራት ቀረሁ።

ጥር 15

የመርካቶ ሰው መግባት ጀምሯል። በየሎንቺናው እወጣለሁ፤ ደብዳቤ የለም። መርካቶ፣ አማኑኤል ገበያ የሚሄድ ሹፌር አግኝቼ ሎሚ እንዲያደርስልኝ ሰጠሁት። ያድርስ አያድርስ እንጃ። አልጋዋን አነጠፍኩ። እንደገና አነጠፍኩ።

ጥር 18፣ አረፋ

ከሶላት በኋላ ሐጂ ሸረፋ ግቢ በግ ታረደ። እኔ ቤት ሴት የለም ብዬ ማንንም አልጠበቅሁም ነበር፤ በሩን ግን ከፍቼ ተቀመጥኩ። መጡ። ጎመኑንና ክትፎውን ከየቤታቸው ይዘው መጡ፤ ቤቱን ሞሉት። ያቺ ስለ ወንድሟ ሚስት ያወራችው ሴት ሳትቀር ቆጮ ይዛ መጣች፤ ለካ ስሟ ሳፊያ ነው፣ አሁን ነው የጻፍኩት።

ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። ማንም ስለ ሳሌሃ አልጠየቀኝም። እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ «ትናንትና ደኅና አድራለች» ይላሉ፣ «ምላሷ ብቻ ነው» ይላሉ። ትናንት ማታ ከመርካቶ የገቡ ሰዎች ወሬዋን ይዘው መጥተዋል፤ ይዘው የሄዱት ግን ወደ እትዬ አሚኔ ነው። ሳሌሃ እንደዚያ ብላ ልካለች ማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሚስቴ እንዴት እንዳለች ያውቃል፤ ከኔ በቀር።

እጄን ታጥቤ ተመለስኩ። ከዚያ ሴቶቹ ወዳሉበት ሄጄ፣ ጠያቂ እንደሚቆመው የበሩ ደፍ ላይ ቆምኩ። ጫማዬንም አውልቄያለሁ፣ በገዛ ቤቴ።

«እትዬ አሚኔ» አልኩ፣ «ሳሌሃ እንዴት ናት?»

እትዬ አሚኔ ቀና ብለው አዩኝ።

«አምስቱን ቀን ጨርሳለች» አሉኝ። «አፏ ቆስሏል፣ እንደ ኅዳሩ አይደለም። ትኩሳት የላትም። ሽንቷ ቀንሷል፣ ገና አልጠፋም። አራተኛውንም እወስዳለሁ ብላለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ከዚያ አልቻልኩም፤ «ለኔስ... ያለችው ነገር አለ?»

«የለም፣ ልጄ» አሉኝ። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ሳህኑን ወደኔ ገፉት። «ና፣ ተቀመጥ። ብላ።»